አልማዝ፣ ሳጅኗና የጉሎ ቅጠሉ ቅባት

በአንድ ጎኑ ብቻ፣ ከጡቱ በታች፣ ቆዳው ላይ ምንም ሳይታይ ማቃጠል የጀመረው ሰው ካለ ይህን ጽሑፍ እዚህ ያቁምና ሐኪም ቤት ይሂድ። ጽሑፉ የትም አይሸሽም። ታክሞ ተመልሶ ቢያነበው ይስቃል፤ ሳይታከም ካነበበው ግን እንደኔ ጎኑን ይዞ ነው የሚስቀው።

አስናቀ እባላለሁ። ሐረር፣ አቦከር ተወልጄ፣ እዚያው አድጌ፣ እዚያው የሥነ ዜጋ መምህር ሆኜ ሃምሳን የተሻገርኩ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ብዙነሽ ፖሊስ ናት፤ ማዕረጓ ሳጅን። እኔ ሕግ አስተምራለሁ፣ እሷ ሕግ ታስከብራለች። በቤታችን ሕግ የሚጥስ ፍጡር ቢኖር አይጥ ብቻ ነው እያልኩ እፎክር ነበር። ይህ ፉከራ በኋላ ዋጋ ስላስከፈለኝ አንባቢ ይያዝልኝ።

ሕመሙ የጀመረኝ ክፍል ውስጥ ነው። ሰሌዳው ላይ የሕጎችን ደረጃ በፒራሚድ ስዬ፣ ከላይ ሕገ መንግሥት፣ ከሥሩ አዋጅ፣ ከሥሩ ደንብ፣ ከሁሉም ሥር መመሪያ ብዬ ስጨርስ ቀኝ ጎኔን የጋለ ሚስማር ወጋኝ። ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ተማሪዎቼ ትወና መስሏቸው አጨበጨቡ።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ጨጓራ ነው አለኝ። ሐኪሙ ቀና ብሎም አላየኝ።

«ቃሪያ ታቆማለህ። ቡና ታቆማለህ። ጫት ታቆማለህ። መናደድም ታቆማለህ።»

«ባለቤቴ ፖሊስ ናት።»

«እሱን ቻለው» አለና የሚታኘክ ኪኒን ሰጠኝ። ኪኒኑን እያኘክሁ አንድ ሁለት ቀን ሰነበትኩ፤ ጎኔ ግን የጨጓራዬን ስም ሰምቶም አያውቅም።

ሁለተኛው ክሊኒክ ልብ ሊሆን ይችላል ብሎ ደረቴን በሽቦ አጠረው። ያን ተራ እስካገኝ የጠበቅሁበት ክፍል ግን ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል። የሐረር ሰው ተራ ሲጠብቅ ዝም ብሎ አይጠብቅም፤ በሽታ ያወዳድራል። አንዱ ኩላሊቱን ያቀርባል፣ ሌላዋ ስኳሯን ትጠራለች፣ አሸናፊው በጭብጨባ ይታወቃል። እኔ «ጎኔን ያቃጥለኛል» ስል ማንም ከቁብ አልቆጠረኝም። አንዲት ሴትዮ ብቻ ሸሚዜን ከቆዳዬ አርቄ በሁለት ጣት ይዤ መቀመጤን አይታ ከመስኮቱ አጠገብ ያለውን የራሷን ወንበር ለቀቀችልኝ። «ነፋስ ያግኝህ» አለችኝ። ስሟን አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በጸሎቴ «የመስኮቷ ሴትዮ» እያልኩ አስባታለሁ። ልቤ ደህና ሆኖ ተገኘ። ለነገሩ ልቤ እኔን ከተሸከመ ምን ያቅተዋል።

ሰፈሩም አልተኛም። ምች ነው ተባለና ዳማከሴ ታሽቶ ጎኔን ተለቀለቅሁ። ለሳምንት ያህል እኔ በምሄድበት ሁሉ ፍየሎች ይከተሉኝ ነበር ብል አጋነንክ እባላለሁ፤ አንድ ፍየል ግን በእውነት ተከትላኛለች።

ከዚያ ውኃ የቋጠሩ ሽፍታዎች ከጀርባዬ ተነሥተው በጎኔ ዞረው እስከ ደረቴ እንደ ቀበቶ ተሰለፉ። እዚያው ላይ ዳማከሴ ስደራርብ ሦስት ቀን አለፈና ለጓደኛዬ ለኡመር አሳየሁት። ኡመር መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከልጅነት አብረን ነን።

«ወላሂ ሸረሪት ሸንቶብህ ነው» አለ።

«አቦ፣ ይሄን ሁሉ የሸና ሸረሪት ምን ጠጥቶ ነው?»

ቢስቅም ሱቁን ዘግቶ ሸዋ በር አጠገብ ወዳለ ክሊኒክ ወሰደኝ። አንድ ወጣት የጤና መኮንን ሸሚዜን ገለጥ አድርጎ ገና ከማየቱ «አልማዝ ባለጭራ» አለ። ሲያስረዳኝም እንዲህ ነበር፦ በልጅነት ጉድፍ የወጣበት ሰው ገላ ውስጥ ተህዋሲው አይሞትም፤ ነርቭ ሥር ገብቶ ይተኛል። ሰውየው ሲያረጅ ወይም ሲደክም ይነቃና በዚያው በአንድ ነርቭ መስመር ቆዳ ላይ ይወጣል። ጭራ ያሰኘውም ይህ መስመሩ ነው። መድኃኒት አለው፤ ግን ሽፍታው በወጣ በሦስት ቀን ውስጥ ቢጀመር ነው የሚሻለው። እኔ ሦስቱንም ቀን ለዳማከሴና ለሸረሪት ምርመራ ሰጥቼ ጨርሻለሁ። የዚህ ጽሑፍ ዋና ማስጠንቀቂያ ይኸው ነው፤ ሌላው ማጣፈጫ ነው።

እኔ የማስታገሻ መርፌ እየተወጋሁ ሳለ ኡመር ለባለቤቴ ደወለ። ያለው ነገር እስከ ዛሬ በሰፈሩ ይጠቀሳል።

«ሳጅን፣ አትደንግጪ። አስናቀን አልማዝ ይዛው ነው። ክሊኒክ ውስጥ ነን። ኢንሻአላህ ትለቀዋለች።»

ብዙነሽ በደረሰችበት ፍጥነት የሚደርስ ሰው ከትግራይ እስከ ጎጃም ቢፈለግ አይገኝም። ዩኒፎርሟን እንደለበሰች በሩን በረገደችው። ተራ የሚጠብቀው ሕዝብ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ።

«አልማዝ የታለች?»

አንዲት ምስኪን ነርስ እጇን አወጣች። ስሟ አልማዝ ኖሯል።

ጉዳዩ እስኪጣራ የነበረውን ደቂቃ ልዝለለው። ብዙነሽ ሽፍታውን ስታይ ግን ቆቧን አውልቃ አልጋዬ ጫፍ ተቀመጠች። «ያቃጥልሃል?» አለችኝ ቀስ ብላ። ሌላዋ አልማዝ ብትይዘኝ ይሻለኝ ነበር የሚያሰኝ ቃጠሎ ነበር፤ ይህንን ግን ጮክ ብዬ አላልኩም።

ሽፍታው ደረቀ፣ ቅርፊቱም ረገፈ፤ አልማዝ ግን ጭራዋን ትታልኝ ሄደች። ቆዳው ድኖ ነርቩ ማቃጠሉን ቀጠለ። ሕመሙ ቢጫን አንድ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና አይበቃውም። ቁንጫ ብታርፍብኝ በሬ የረገጠኝ ይመስለኝ ነበር። አንሶላ አይነካኝ፣ ሸሚዝ አይነካኝ። ሌሊት ሌሊት ከዚህ በኋላ ኑሮዬ ይኸው ከሆነስ የሚል ፍርሃት ይመጣና ደረቴ ላይ ይቀመጣል፤ እሱም ሲቀመጥ ያቃጥላል። ብዙነሽ መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፋ መተኛት ጀመረች፤ ስትገላበጥ እንዳትነካኝ። በሥራዋ ደክማ መጥታ፣ ለእኔ ስትል እየነቃች ዓይኗ ሥር ጠቆረ። ይህ ከቃጠሎው በላይ ያመኝ ነበር።

ያን ጊዜ ኡመር ሸሚዝ ሰፋልኝ። ግራው እንደ ማንኛውም ሸሚዝ ነው፤ ቀኙ ግን ድንኳን ነው። ሽቦ አስገብቶ ጨርቁ ከቆዳዬ ርቆ እንዲቆም አድርጎታል። ለብሼው ስሄድ ከግራ የሚያየኝ መምህር፣ ከቀኝ የሚያየኝ ሰርግ ቤት ያየ ይመስለዋል። ዋጋውን ስጠይቀው «ድንኳን አከራያለሁ እንጂ አልሸጥም» አለኝ።

እንዲህ ባለሁበት የብዙነሽ ታናሽ ወንድም ዳዊት ለሁለት ሳምንት ከአሜሪካ፣ ከኮሎራዶ መጣ። ሻንጣውን ሳይፈታ አንዲት ክብ ዕቃ በእጄ አስጨበጠኝ።

«ጋሼ፣ ለነርቭ ነው። እኛ ጋ ሽማግሌው ሁሉ ይሄን ነው የሚቀባው።»

ክዳኑ ላይ ጣት ጣት ያለው ቅጠል ተሥሏል። የጉሎ ቅጠል መሰለኝ። በጓሯችን አጥር ሥር የበቀለውን ጉሎ የሚያውቅ ሰው ያን ሥዕል አይቶ ሌላ ነገር ሊያስብ አይችልም። የጉሎ ዘይት ደግሞ አባቴም ይቀባው ነበር። ተቀባሁት፤ እንደ ሜንታ ቀዘቀዘኝና ያን ሌሊት እንደ ድሬ ጠያራ ገጠር ማሽላ ጆንያ ተጋድሜ አደርኩ።

በማግስቱ ከሰዓት ዳዊትን ይዤ ኡመር ቤት ለጫት በርጫ ሄድን። ኡመር ቤት ውስጥ እንደ ደረጃ ከፍና ዝቅ ብሎ በምንጣፍ የተለበጠው ነደባ ላይ ጋሽ በቀለ ቀድመውን ተቀምጠዋል። ጋሽ በቀለ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ሲጽፉ ያረጁ ሰው ናቸው። እኔም የአሜሪካ ጉሎዬን አውጥቼ ለጉራ አዞርኩት።

ጋሽ በቀለ መነጽራቸውን አደረጉ። አወለቁ። እንደገና አደረጉ።

«አስናቀ፣ ይሄ ጉሎ አይደለም።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«ይሄን ቅጠል ኤግዚቢት ሆኖ ችሎት ሲገባ አይቼዋለሁ። ካናቢስ ነው።»

የያዝኩት የጫት ቅጠል አፌ ላይ ቆመ። ሁላችንም ወደ ዳዊት ዞርን።

«እኛ ስቴት እኮ ሕጋዊ ነው» አለ ዳዊት ትከሻውን ነቅንቆ። «ሱቅ አለው። ደረሰኝ ይሰጡሃል።»

«ፌዴራሉስ?» አልኩት። የሥነ ዜጋ ደሜ ተነሣ።

«ፌዴራሉ አሁንም እንደከለከለ ነው።»

«ከከለከለ ሱቁን ለምን አይዘጋም?»

«አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ግን የፌዴራል መናፈሻ ውስጥ ይዘህ ከገባህ ትቀጣለህ። አውሮፕላን ማረፊያም እንደ ዕድልህ ነው።»

«አይቶ እንዳላየ የሚል አንቀጽ የት ነው ያለው?» አልኩ። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ የበታች ሕግ ከበላይ ሕግ ጋር ሲጋጭ ዋጋ የለውም እያልኩ ሳስተምር ኖሬ፣ ኮሎራዶ የሚባል አገር ፒራሚዴን ገልብጦ ተቀምጦበታል።

ጋሽ በቀለ ግን ዓይናቸው በራ። «ቆይ። ኮሎራዶ ክልል ነው። እኛም ክልል ነን። እነሱ ካወጁ እኛ ምን አነሰን?» ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉና እንደ ነጋሪት ጋዜጣ ማንበብ ጀመሩ። «ይህ አዋጅ የአስናቀ ጎን አዋጅ ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። የተፈጻሚነት ወሰኑ ከቀኝ ጡት ሥር እስከ ወገብ ሲሆን፣ የግራውን ጎን አይመለከትም። በዚህ ነደባ ላይ ከታወጀበት ከዛሬ ጀምሮ የጸና ይሆናል። የሚደግፍ?»

እሳቸው እጃቸውን አወጡ። ዳዊት አወጣ። እኔ የቀኝ እጄን ሳነሣ ጎኔን አቃጠለኝና በግራዬ ተካሁት። ኡመር ግን አላወጣም።

«አቦ ኡመር፣ ተቃዋሚ ነህ?»

«የአጎቴን ልጅ ታስታውሰዋለህ» አለ። ፌዙ ከፊቱ ጠፍቶ ነበር። «ይሄንን» አለና ፊቱ ያለውን ጫት አነሣ፣ «ይሄንን እስር ሸክፎ ባሕር ማዶ ሄደ። እዚህ እናቱ የምታመርተው ነው። እዚያ ሲፈተሽ ሰላጣ ነው አላቸው። ሰላጣ ከሆነ ብላው አሉት። እያዩት ሙሉውን በላ። በልቶም አልተረፈም፤ ታሰረ። እናቱ እስኪፈታ ድረስ ከዚያ ማሳ አንዲት ቅጠል አልቀነጠበችም። ያረቢ፣ ቅጠሉ አንድ ነው። ያሰረው መሬቱ ነው።»

እዚህ የተፈቀደው ቅጠል እዚያ ያስራል፣ እዚያ የተፈቀደው እዚህ ያስራል፤ በመካከል ያለው የሰው ልጅ ሻንጣ ብቻ ነው። ዳዊት ስልኩን አውጥቶ ማየት ጀመረ።

ቤት ስንመለስ ዕቃውን በሸሚዜ ድንኳን ውስጥ ደብቄው ነበር። ጠዋት ምን እንደምናደርገው እንመክራለን ብለን ተስማምተናል። ብዙነሽ ግን ቀድማን ገብታለች። አፍንጫዋን ነፋች።

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ዳማከሴ» አልኩ።

«ዳማከሴ ሜንታ ሜንታ ይላል?»

«የአሜሪካ ዳማከሴ ነው» አለ ዳዊት። አገር ለቆ መሄዱ ለቤተሰቡ ጥቅም እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ብዙነሽ ወደኔ መጣች፣ በድንኳኑ መግቢያ እጇን ከተተች፣ ዕቃውን አወጣች። ክዳኑን አየች። አልጮኸችም። ብትጮህ እንዴት ደስ ባለኝ።

«ምን እንደሆነ እያወቅህ ነው ያመጣኸው?» አለችው ወንድሟን።

«ለጋሼ ብዬ ነው እቴ። እኛ ጋ...»

«እናንተ ጋ ስላለው አልጠየቅኩህም።» ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ባለፈው ሰሞን አንድ የድሬ ጠያራ ልጅ በዚሁ ነገር ይዘን አስገብተናል። የያዘው ከዚህ ያንሳል። እናቱ ቀኑን ሙሉ በሩ ላይ ተቀምጣ ዋለች። ስወጣ እግሬን ያዘችኝ። ሕግ ነው እናቴ አልኳት። ነገ በዚያ በር ስገባ ምን ልሁን? ለሷ ልጅ ሕግ፣ ለእናቴ ልጅ ዝምታ?»

«ጓሮ እንድፋውና ይብቃ» አለ ዳዊት።

«ደፍተነው ማን ነኝ ልበል?» ከዚያ ወደኔ ዞረች። ስትቆጣኝ በስሜ አትጠራኝም። «መምህር። እስቲ አንተ ንገረኝ። የበታች ሕግ ከበላይ ሕግ ጋር ቢጋጭ የትኛው ይጸናል?»

ይህ የእኔ ጥያቄ ነው። በየዓመቱ ፈተና ላይ የማወጣው። ከብዙነሽም ጋር የተዋወቅነው ማታ ትምህርት ቤት ተማሪዬ ሆና፣ ይህንኑ ጥያቄ መልሳ አንድ ማርክ አጎደልክብኝ ብላ ቢሮዬ ድረስ ስትመጣ ነው። የአስናቀ ጎን አዋጅ አፌ ጫፍ ላይ ነበር፤ ዓይኗ ሥር ያለውን ጥቁረት ሳይ ግን ዋጥኩት።

«የበላዩ» አልኩ። «ነገር ግን ዕቃው የተገኘው በኔ ሸሚዝ ውስጥ ነው። እኔ ነኝ ይዤው የምሄደው።»

«ጋሼ፣ ያመጣሁት እኔ» አለ ዳዊት። «እኔም እሄዳለሁ።»

ጠዋት ሦስታችንም ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ብዙነሽ ዩኒፎርሟን ለብሳ ከፊት፣ ዳዊት ከኋላ፣ እኔ በመካከል ድንኳኔን ተክዬ። ሰልፉን ያየ ሁሉ ሳጅኗ ሰርግ ቤት አስራ ስትሄድ መሰለው። በልቤ ግን ቀልድ አልነበረም፤ ማዕረጓ ቢገፈፍ፣ ወንድሟ ቢታሰር፣ ለእኔ ጎን ሲባል ነው።

የጣቢያው አዛዥ ኮማንደር ሸምገል ያሉ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ብዙነሽ ሰላምታ ሰጥታ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው። ምንም አልቀነሰችም። ዳዊት ቃሉን ሰጠ፣ ፓስፖርቱም እስኪጣራ እዚያው ቀረ። የመሳፈሪያ ቀኑ አለፈና ከድሬዳዋ አውሮፕላን ይልቅ የፖሊስ ጣቢያውን አግዳሚ ወንበር ለመደ። በኋላ በፈቃዱ ማስረከቡ፣ ለሕመም ማምጣቱና መጠኑ ታይቶለት በከባድ ማስጠንቀቂያ ተለቀቀ። ብዙነሽም «በራሷ ቤት ያላበለች» ተባለች እንጂ ማዕረጓን ማንም አልነካውም። የድሬ ጠያራው ልጅም ያን ሰሞን በዋስ ተለቋል፤ እናቱ በሩ ላይ ስታገኛት እግሯን ሳይሆን እጇን ያዘቻት አሉ።

ያን ቀን ግን ይህን ሁሉ አላወቅንም። ኮማንደሩ የዳዊትን ቃል ከተቀበሉ በኋላ ወደኔ ዞሩ።

«ሸሚዝህ ምን ሆኖ ነው?»

«አልማዝ ባለጭራ፣ ጌታዬ። ሽፍታው ለቆኛል፣ ቃጠሎው ቀርቷል።»

ኮማንደሩ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «እናቴን እንዲሁ አድርጓት ነበር። ነጠላ አይነካኝ ብላ በክረምት ራቁቷን ልትወጣብን ነበር። የነርቭ ሐኪም ጋ ሄዳችኋል?»

ጨጓራ፣ ልብ፣ ዳማከሴ፣ ሸረሪት፣ ኮሎራዶ ሄጃለሁ። የነርቭ ሐኪም ጋ አልሄድኩም። ማንም ሂድ አላለኝም፤ እኔም ሽፍታ የቆዳ ነገር ነው ብዬ ነርቭ የሚለውን ቃል በጆሮዬ አሳልፌዋለሁ። ኮማንደሩ እናታቸውን ያከመችውን ሐኪም ነገሩን። ቅባቱን ጓሮ ደፍተነው ቢሆን ኖሮ ይህን ወሬ ከየት እንሰማው ነበር?

ሐኪሟ ጎኔን በጥጥ ጫፍ ነካ አድርጋ ጣሪያ ስነካ አየችና ሳቀች። «የተላጠ የመብራት ሽቦ ታውቃለህ? ላስቲኩ ተቃጥሎ ዝም ብሎ የሚፈነጥቅ? ነርቭህ እንደዚያ ነው። እሳት ሳይኖር እሳት እያለ ይጮሃል።» ጩኸቱን የሚያበርድ ኪኒን አለ፤ በትንሹ ተጀምሮ ቀስ እየተባለ ይጨመራል፣ ያስተኛል፣ በአንድ ቀን ተአምር አይጠበቅበትም። ስለ ቅባቱም ጠየቅኳት። ቆዳዬ የቀላበትን ቦታ አሳየችኝ።

«ስለ ቅጠሉ ባለሙያው ያጥና፣ ሕጉም ይከራከር» አለች። «አንተ ግን ውስጡ ምን እንዳለ፣ ምን ያህል እንዳለ ሳታውቅ ገና ባልጠነከረ ቆዳ ላይ አትቀባ። የቀዘቀዘህ ሜንታው ነው። የተኛኸው ደግሞ ስንት ሌሊት ሳትተኛ ቆይተህ ነው?»

ኪኒኑ ቀስ በቀስ ሠራ። መጀመሪያ ነፋስ ቻልኩ፣ ቀጥሎ አንሶላ፣ ቀጥሎ ሸሚዝ። አንድ ጠዋት ስነቃ የብዙነሽ ክንድ ጎኔ ላይ ወድቋል። አላቃጠለኝም። ሳልቀሰቅሳት ብዙ ቆየሁ፤ ሥራ እስክታረፍድ።

ድንኳኑን ለኡመር ልመልስ ስወስድለት መቀሱን አነሣና መልሶ አስቀመጠው።

«ይቆይ። አልማዝ ተመልሳ ብትመጣስ?»

«ሳጅኗ አታስገባትም» አልኩት።

ዘንድሮም ፈተናው ላይ ያችኑ ጥያቄ አወጣሁ፦ የበታች ሕግ ከበላይ ሕግ ጋር ቢጋጭ የትኛው ይጸናል? ሐረር ወሬ የማይደርስበት ቤት የላትምና አንዱ ተማሪ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «የሳጅን ብዙነሽ።»

ሙሉ ማርክ ሰጠሁት። ለብዙነሽ ሳሳያት ሳቀችና ያኔ በማታ ትምህርት ቤት ያጎደልኩባትን አንድ ማርክ አሁኑኑ እንድመልስላት ጠየቀችኝ። መለስኩላት።